የአዞ ጥገኛ ትሎች አመዳደብ

በአዞና በሌሎች ተሳቢ እንስሳት አካል ውስጥ የሚኖሩ ድቡልቡል ጥገኛ ትሎች አስቀድሞ የሚመደቡት በቅርጻቸው ነው። በአዞ ጨጓራ የሚገኘውና ከሰው ወስፋት ጋር የሚዛመደው ዱጃርዲናስካሪስ በከንፈሩ፣ በጉሮሮው አሠራርና በወንዱ ጅራት ይለያል።

ትሪኪኔላ ግን በዚህ መንገድ አይለይም። እጩ በጡንቻ ውስጥ የሚኖር ደቂቅ ትል ነው፤ የዝርያዎቹም መልክ እጅግ ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚምባብዌ የአዞ እርባታዎች የተገኘው እጭ በከረጢት አልተሸፈነም ነበር። ትሪኪኔላ ዚምባብዌንሲስ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው ዘረመሉ ከተመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ይህ ዝርያ ከአዞና ከአርጃኖ አልፎ በአጥቢ እንስሳትም አካል ይራባል፤ የስያሜው ክብደትም ከዚህ ይመነጫል። የታረዱ አዞዎችን ሥጋ መልሶ ለአዞ መመገብ (እንግዳ ቢመስልም በእርባታዎች የተለመደ ነበር) ትሉን አዛምቶታል። በኢትዮጵያ በእርባታ በተያዙ አዞዎችም ተገኝቷል። ሥጋው በሚገባ ካልበሰለ ለተመጋቢው ያሰጋል። እጩ ከረጢት ስለሌለው፣ ሥጋን በመስታወት መካከል ጨፍልቆ በሚደረግ ምርመራ በቀላሉ ይሰወራል፤ ስለዚህ የጡንቻውን ናሙና በአሲድና በፔፕሲን አሟሙቶ እጩን አንጥሮ ማውጣት ይመረጣል።