የነዳጅ ባለጸጎች ፀሐይን ስለ መፈለጋቸው

የሰው ልጅ ጠባይ ሆኖ የሌለውን ሲመኝ ያለውን ይዘነጋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህ ነገር ከፀሐይ የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለንም፤ ማንም ሳይከፍልባት በየማለዳው ወጥታ በየምሽቱ ስለምትገባ፣ ሰው እህሉን ካሰጣባትና ልብሱን ካደረቀባት በኋላ ሌላ ሥራ ያላት አይመስለውም። ከምድሩ በታች ነዳጅ ዘይት የተገኘለት አገር ደግሞ ጕድጓዱን እየጠበቀ ፀሐይን ቢረሳት የሚፈረድበት አልነበረም። ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ታላላቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎችን ከተከሉት አገሮች መካከል ነዳጅ ሻጮች ይገኙባቸዋል። ይህ ነገር እንዴት ሆነ? ከዓባይ ሸለቆ በላይ ለምንኖረው ለወሎ ደገኞችስ ምን ያስተምረናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በአጭሩ ማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድመን የቆምንበትን ስፍራ እንመልከት። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ ደጋ በኩል ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ፣ ውርጭ የሚመታውን የገብስ አገር ካለፈ በኋላ ምድሩ ወደ ዓባይ እየተቈረጠ ሲወርድ ያያል። በሽሎና ወለቃ የዚህን ደጋ ውኃ እየሰበሰቡ ለዓባይ ያስረክባሉ። ሕዝቡ የሰፈረው በየአምባውና በየጋራው ጫፍ ስለ ሆነ፣ በዓይን የሚተያዩት ሁለት መንደሮች በእግር ግን ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገደል በመካከላቸው ይገኛል። ምሰሶ ተክሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመዘርጋት ከዚህ የከበደ አቀማመጥ በቀላሉ አይገኝም። እኛም ፊደል የቈጠርነውና ለፈተና ያጠናነው በኩራዝ ነበር፤ ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ ከአፍንጫችን ጥላሸት ይወጣ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ፀሐይ ግን አልጐደለችብንም። በኢትዮጵያ ምድር ላይ በአማካይ በየቀኑ በአንድ ካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል የፀሐይ ኃይል እንደሚወርድ ባለሙያዎች ገምተዋል። ሕዝቡ «ሶላር» የሚለው ሰሌዳ ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ብቻ ቢይዝ፣ 10 ዋት የምትወስድ አምፖል 100 ሰዓት ያህል ለማብራት ይበቃል። እንግዲህ ሀብቱ በጣራችን ላይ ሲወርድ ኖሯል ማለት ነው።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ በአብዛኛው የውኃ ታሪክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ቤተ መንግሥቱ በኤሌክትሪክ መብራት አሸበረቀ። ከዚያ በኋላ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ፣ 43.2 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ቆቃ በ1960፣ ጢስ ዓባይ በ1964 ተሠሩ። ከወንዝ ርቀው የነበሩት ከተሞች ግን ናፍጣ በሚያቃጥል ሞተር ይበራሉ፤ የገጠሩ ሰው ላምባ ይገዛል። ናፍጣውም ላምባውም ባሕር ተሻግሮ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። የዚህ ጥገኝነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በ1966 ዓ.ም. ታየ። በ1973 መጨረሻ ነዳጅ ሻጮቹ አገሮች ዋጋውን በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ባሳደጉት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ፤ በየካቲት ወር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ያም አድማ የዘመኑን ሥርዓት ካናወጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በዚያው ጊዜ ወሎ በረኃብ ላይ ነበረ።

የፀሐይን ኃይል ለሥራ የማዋል አሳብ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ የተሞከረውም ከእኛው ወንዝ ዳር ነው። በ1913 ፍራንክ ሹማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በካይሮ አጠገብ በመዓዲ አምስት ረጃጅም ጐባጣ መስተዋቶች አቁሞ፣ የፀሐይን ሙቀት በቧንቧ ላይ እየሰበሰበ እንፋሎት አወጣበት፤ በእንፋሎቱም ሞተር አንቀሳቅሶ የዓባይን ውኃ ወደ እርሻ አነሣ። ሥራው በትክክል ሠራ። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ሹማንም በ1918 ሞተ፤ ነዳጅ ዘይትም እየረከሰ ሄደ። እንዲህ ሆኖ የመዓዲው ጥበብ ተረሳ። የፀሐይን ብርሃን ያለ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሲሊከን ሰሌዳ የተፈለሰፈው በ1954 በአሜሪካ፣ በቤል ቤተ ሙከራ ነው፤ ያን ጊዜ ይይዝ የነበረው ከሚወርድበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ነበር።

አሁን ሁለት መንደሮችን ጐን ለጐን እናስቀምጥ። ሳዑዲ ዐረቢያ ከነዳጅ ሽያጭ የምታገኘው ገንዘብ እንደ ጐርፍ በሚገባበት ዘመን፣ በ1977 ከአሜሪካ ጋር የፀሐይ ምርምር ስምምነት ፈረመች፤ በ1981ም ከሪያድ አቅራቢያ በአል ዑየይና ለሦስት መንደሮች መብራት የሚሰጥ የ350 ኪሎ ዋት ማመንጫ አቆመች። በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል መንደር 300 ለሚሆኑ ቤተ ሰቦች መብራት የሚሰጥ የ10.5 ኪሎ ዋት ማመንጫ ተተከለ፤ በ1989ም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ውኃ እንዲስብና እህል እንዲፈጭ ተደረገ። በመጠን ልዩነት ቢኖርም ሁለቱም የመንደር ሙከራዎች ነበሩ። ነዳጅ ሻጩና ነዳጅ ገዢው በአንድ ዘመን አንድ መንገድ ጀመሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላስ? በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ ዓለምም ፀሐይን ለሁለተኛ ጊዜ ረሳ። በሳዑዲም ለረጅም ዓመታት ታላቅ ማመንጫ አልተሠራም። ሆኖም በ1977 የተቋቋመው፣ በኋላም የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ከተማ የተባለው ተቋም የአል ዑየይናን የምርምር ስፍራ ይዞ ቈየ። አቡ ዳቢ በበኩሏ በ2006 ማስዳር የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። በ2019 ስዊሃን በተባለው ስፍራ ኑር አቡ ዳቢ ሥራ ሲጀምር 1,177 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰሌዳዎች የተደረደሩበት ነበረ። ሳዑዲም ሱደይር በተባለው ስፍራ የ1,500 ሜጋ ዋት ማመንጫ አቆመች፤ ይህም የአል ዑየይናን ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ነው።

ነዳጅ ያለው አገር ይህን ሁሉ ስለ ምን ደከመ? ምክንያቱ ርኅራኄ ሳይሆን ሒሳብ ነው። በዚያ ሐሩር ቤትን ለማቀዝቀዝና ከባሕር ውኃ ጨው ለመለየት የሚቃጠለው ነዳጅ ወደ ውጭ ቢሸጥ ገንዘብ ያመጣል፤ ፀሐይ ግን ብትሠራም ባትሠራም የምትሸጥ አይደለችም። ጕድጓዱም አንድ ቀን ይደርቃል። ብልህ ገበሬ ዘር የሚለየው ጐተራው ሳይጐድል ነው፤ እነርሱም እንዲሁ አደረጉ።

የዚህ ታሪክ አስደናቂው ክፍል ወደ እኛው ምድር መመለሱ ነው። በ2019 ኢትዮጵያ ባወጣችው ጨረታ አኳ ፓወር የተባለው የሳዑዲ ኩባንያ በሶማሌ ክልል ጋድ በተባለው ስፍራና በአፋር ክልል ዲቼቶ በተባለው ስፍራ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚሰጡ ሁለት ማመንጫዎች ሊሠራ አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘበት የሶማሌ ክልል ለፀሐይም ተፈለገ። ነገር ግን በተከተሉት ዓመታት ሥራው እንደ ዜናው አልፈጠነም። ታላቅ ማመንጫ ሰሌዳ በመደርደር ብቻ አይቆምም፤ የማስተላለፊያ መስመር፣ የውጭ ምንዛሪ፣ አበዳሪ የሚያምነው ዋስትናና ውሉን ለረጅም ዘመን የሚጠብቅ ጽኑ እጅ ያስፈልጉታል።

አንዳንድ ሰው ዓባይ እያለን ስለ ፀሐይ ምን አስጨነቀን ይለን ይሆናል። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው፤ የቦረናና የሳይንት ዝናብም በበሽሎና በወለቃ አድርጎ ወደዚያ ይወርዳል፤ ደገኛውም ከኪሱ አዋጥቶበታል። ነገር ግን አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው። ኃይሉ ቢበዛም በየአምባው ጫፍ ላለች ጐጆ ሽቦው እስኪደርስ ድረስ ጨለማው አይለቅም። በ2019 ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም ይህን ተገንዝቦ፣ ከሕዝቡ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ መንገድ፣ በተለይም በፀሐይ፣ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ስለዚህ ውኃና ፀሐይ ባላንጣዎች አይደሉም፤ አንዱ የማይደርስበትን ሌላው ይደርስለታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ፀሐይ ሁሉን ነገር ትፈታለች አንልም። በአንድ ቤት ጣራ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች፣ ሬዲዮ ታናግራለች፤ እንጀራ ግን አትጋግርም፤ ምጣድ ብዙ ኃይል ይፈልጋልና። ስለዚህ ሶላር ስለ ገባ ብቻ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የደንቆሮ ጫካ ከመጥረቢያ ይድናል፣ ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበትም ከምድጃ ይተርፋል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ለዚያ የሚበቃው ከዋናው መስመር የሚመጣ ወይም መንደር ለመንደር የሚተከል ትልቅ ኃይል ነው።

ጥቂቱስ እንዴት ይጸናል? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎረቤታችን በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል የገጠር ከተማ አለች። ከ2006 ጀምሮ አንድ የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት በዚያ ወደ 2,000 በሚጠጉ ቤቶች የፀሐይ መብራት አስገባ። ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባው ግን በዚያው ስፍራ ትምህርት ቤት ከፍቶ የአገሩን ልጆች ሰሌዳ መትከልና መጠገን ማስተማሩ ነው። መብራቱ የተሰጠው ከጠጋኙ ጋር ነበር።

ከዚህ ጋር እናስተያየው ዘንድ በገዛ ዓይናችን ያየነውን እንጨምር። በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄደን፣ በጣራው ላይ አራት ሰሌዳዎች ሲያብረቀርቁ አይተን ደስ አለን። ሲመሽ ግን ርእሰ መምህሩ ሻማ አበሩ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ለመግዣ የተያዘ በጀት እንደሌለና ሽቦውን መንካት የሚደፍር ሰው እንዳልተገኘ ነገሩን። ሰሌዳዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር፤ በየቀኑ ከፀሐይ የሚቀበሉትን ኃይል የሚረከባቸው አጥተው ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ጠዋት ልጆች ወደ ክፍል ሲገቡ ስናይ፣ ከመካከላቸው ስንቱ እንደ እኛ በጥላሸት አፍንጫ ፈተና ይቀመጥ ይሆን ብለን አዘንን።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአል ዑየይና፣ በሚቶና በሬማ የወጣችው ፀሐይ አንዲት ናት፤ ልዩነቱ የመጣው ከተተከለው ዕቃ በኋላ ከቆመው ሰው ነው። ባለነዳጆቹ ሥራው በተቀዛቀዘበት ዘመን ዕውቀቱን የሚጠብቅ ቤት አቆዩ፤ ሬማም ልጆቿን አስተማረች። ገንዘባቸው የለንም፤ ይህን ማድረግ ግን የግድ የነዳጅ ጕድጓድ አይጠይቅም። መኰንኑ ለአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ሰሌዳ ሲያስተክል በዚያው ደብዳቤ ለባትሪ መለወጫ የሚሆን በጀት ይያዝ፤ መምህሩ ሰሌዳውን ለሳይንስ ትምህርት ይጠቀምበት፤ በመካነ ሰላም የሙያ ትምህርት የሚማረውም ወጣት የፀሐይ ዕቃ መጠገንን እንደ ንግድ አይቶ ይያዘው። እንዲህ ከሆነ ቀጥሎ ወደዚያ ትምህርት ቤት የሚሄድ መንገደኛ ርእሰ መምህሩን ሻማ ሲያበሩ አያገኛቸውም።