በንጉሡ ቶርኖ አጠገብ

ቶርኖ እንጨትን እያሽከረከረ ሲልግ ክብ ነገር እንጂ ምስል አያወጣም፤ ምስል የቀራፂ ፈንታ ነው። ሁለቱን ጥበቦች በአንድ ዕቃ ላይ ካጋቡት ስፍራዎች አንዱ በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው የታላቁ ጴጥሮስ ቶርኖ ቤት ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ከእንጨትና ከዝሆን ጥርስ ዕቃ ይሠሩ ነበር። በ1712 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማይቱ የመጣው አንድሬ ናርቶቭ (1693–1756) በሠራው መኪና፣ አንዱ ጫፍ የነሐሱን ምስል እየዳሰሰ ሲሄድ ስለቱ ያንኑ ምስል በክቡ ዕቃ ጎን ላይ ይቀርጻል። ከመኪናዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬም በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

በዚያ ቤት አንድ አፍሪካዊ ልጅ ያድር ነበር፤ የባለቅኔው ፑሽኪን ቅድመ አያት አብርሃም ሃኒባል። ፑሽኪን እንደ ጻፈው፣ ልጁ እስከ 1716 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ሳይለይ በቶርኖ ቤቱ ይተኛ ነበር። የቤተሰቡ ትውፊት ከሐበሻ ምድር መጣ ይላል፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

የትውልድ ስፍራው ቢያከራክርም፣ ልጁ ያደገው የእጅ ሥራ ንጉሥን በማያሳፍርበት ቤት ነው። በኢትዮጵያ ግን የእጅ ባለሙያን መስደብ በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ የተከለከለው በ1900 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ዋንጫው ለገበታ ሲቀርብ፣ የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ከገበታው ይርቅ ነበር።