ላፕቶፑን ከየት እንግዛ? ጋፋትን እንጠይቅ



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሳል። ላፕቶፑ እዚሁ ደብረ ታቦር ይገዛ? ባሕር ዳር ይሻላል? ወይስ ከአዲስ አበባ ይምጣ? በሬ ተሸጦ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ክርክሩ ይገባኛል። «ከየት ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ግን ለከተማችን አዲስ አይደለም።

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲፈልጉ ችግሩ ዋጋው ብቻ አልነበረም። ምጽዋ በቱርክ፣ ኋላም በግብፅ እጅ ነበረች፤ ከባሕር ማዶ የሚገዛ ዕቃ በሌላ ሰው ደጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ባለሙያውን ወደ ራሳቸው አቀረቡ። ለስብከት የመጡትን እነ ዋልድማየርን እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ተጨማሪ ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። እንግሊዝ ግን «መጀመሪያ እስረኞቼ ይፈቱ» ስላለች ደጋውን ሳያዩ ተመለሱ።

በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ተሠራ። በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ መንገድ እየተቆረጠለት፣ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀበት። በ1868 ንጉሡ ሲወድቁ የውጭ ባለሙያዎቹም ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። የጋፋት እሳት በዚያው ጠፋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ፤ ሙያው ግን ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ይሄ ለላፕቶፑ ምን ይነግረናል? የዋጋውን ያህል ጠጋኙ የት እንዳለም አስቡ። አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ግን ቻርጀሩ ሲቃጠል ወይም ስክሪኑ ሲጨልም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ልጁ ጅማ ከተመደበ ደግሞ የደብረ ታቦሩ ሱቅ ራሱ ምጽዋ ሆነበት ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ከሚማርበት ከተማ ወይም ተመላልሶ ሊደርስበት ከሚችል ቦታ ይገዛ። ያገለገለም ቢሆን ከፍታችሁ ባትሪውን፣ ራሙን፣ ኪቦርዱን ፈትሹ፤ ደረሰኝና ዋስትና ሳትይዙ አትውጡ።

ልጆቼ፣ እናንተ ደግሞ መጠቀሙን ብቻ ሳይሆን ፈትቶ መግጠሙንም ተማሩ። ጋፋት የጎደላት እሱ ነበር።

እናንተስ ከየት ገዛችሁ? እስኪ ለዘንድሮ ልጆች ከታች ጻፉላቸው።