ኮባ በመስታወት ቤት፦ የደጋ ተክል በአውሮፓ ብርድ

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የላይ ጋይንት ከተማ ስትሆን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋ በውርጭ ይመታል። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ኮባ እየተባለ የሚጠራው የእንሰት ተክል፣ በደቡብ እንደሚደረገው ለቆጮ ሳይሆን ድፎ ዳቦ ተጠቅልሎ ለሚጋገርበት ቅጠሉ ሲባል በየጓሮው የሚተከል ሲሆን፣ ውርጭ ያገኘው ቅጠሉ በማግስቱ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሞ ይጠቁራል። ተክሉ ግን በዚህ አይሞትም፤ ምክንያቱም ግንድ የሚመስለው አካሉ ተነባብረው የቆሙ የቅጠል እግሮች ስብስብ በመሆኑና አዲስ ቅጠል የሚያወጣው የማደጊያ እምብርቱ ተክሉ እስኪያብብ ድረስ ከታች፣ አሚቾ በሚባለው ስታርች የሚከማችበት ክፍል አናት ላይ ተሸሽጎ ስለሚቆይ ነው። የዚህን ተክል የአውሮፓ ታሪክ መረዳት የሚቻለውም ይህ ጠባዩ ሲታወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ የገለጸ ሲሆን፣ ተክሉ ሙዝን ቢመስልም ከሙዝ ወገን አይደለም ብሎ ተከራክሯል። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ለረጅም ጊዜ ከሙዝ ጋር ሲመድቡት ቆይተው፣ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑ የጸናው ኧርነስት ቺዝማን በ1947 ምደባውን ከመረመረ በኋላ ነው።

ሕያው ተክል በለንደን አቅራቢያ በኪው የዕፅዋት መናፈሻ የበቀለው፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ከምጽዋ ከተላከ ዘር ነበር። ከዘሩ የበቀሉት ተክሎች በመስታወት ቤት፣ ማለትም ብርሃን እያስገባ ብርድ በሚከላከል ቤት ውስጥ አድገው፣ የተክሉ ገለጻና ሥዕል በ1861 ለኅትመት በቃ።

ተክሉ የደረሰው አውሮፓ እንግዳ ዕፅዋትን ከብርድ የማትረፍ ጥበቧን ባሳደገችበት ጊዜ ነው። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ከ1680ዎቹ ጀምሮ የብርቱካን ዛፎች በእንጨት ሣጥን ተተክለው፣ በጋ ሲሆን ወደ ውጭ እየወጡ፣ ብርድ ሲመጣ ወፍራም ግድግዳ ወዳለው አዳራሽ ይገቡ ነበር። ብሪታንያ የመስታወት ግብር በ1845 ስታነሳ ደግሞ የመስታወት ቤት መሥራት ረከሰ፤ በኪው ከ1844 እስከ 1848 የተሠራው ታላቁ የዘንባባ ቤትም በብረትና በመስታወት ተዋቅሮ በሙቅ ውኃ ቧንቧ ይሞቅ ነበር።

በ1860ዎቹ የፓሪስና የለንደን መናፈሻዎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን የሞቃት አገር ተክሎች በበጋ ወራት ሜዳ ላይ መደርደር ሲጀምሩ፣ እንሰት ከተመራጮቹ አንዱ ሆነ፤ አየርላንዳዊው የአትክልት ጸሐፊ ዊልያም ሮቢንሰንም በ1871 ባወጣው መጽሐፍ ስለዚሁ ፋሽን በሰፊው ጻፈ። በጋ ሲያልቅ ግን ተክሉን ማዳን የአትክልተኛው ዕዳ ነበር። ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ውርጭ ከመውረዱ በፊት ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከመካከለኛው ለጋ ቅጠል በስተቀር ሌሎቹ ይቆረጣሉ፤ አፈሩ ይራገፋል፤ በቅጠል እግሮቹ መካከል የተጠራቀመው ውኃ እንዲወርድም ለጥቂት ቀናት ተዘቅዝቆ ይቆማል። ከዚያ ውርጭ በማይገባበት ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ውስጥ ውኃ ሳይጠጣ እስከ ጸደይ ይቆያል፤ በእነዚህ ወራት ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ልቡ የራሰ ተክል ከብርዱ በፊት ይበሰብሳልና።

እንሰት ሥሩ ተራቁቶ ወራትን መቆየት የቻለው አሚቾው ስታርችን፣ የቅጠል እግሮቹም ውኃን ስለሚያከማቹ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬዎችም ችግኙን ከመደብ ወደ መደብ ደጋግመው ሲያዛውሩና አፈር የለቀቀ ችግኝ ገበያ አውጥተው ሲሸጡ በዚሁ ጠባዩ ተጠቅመዋል።

በጋይንት ደጋ ውርጩ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትመልሰዋለች፤ የመሬቱም ብርድ እስከ አሚቾው አይደርስም። በሰሜን አውሮፓ ግን ብርዱ ሳምንታት እየተከታተለ አፈሩን ራሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቢጠፋም የሚተርፈው እምብርት እዚያ የሚተርፈው ሰው ወደ ቤት ሲያስገባው ብቻ ነው። ለዚህም የዘንባባው ቤት ሙቀት የግድ አላስፈለገም፤ ውርጭ የማይደርስበት ደረቅ ጓዳ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።