ብዙ ሳንቃ፣ አንድ ሥዕል

በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሥዕሉን እንሳለማለን፤ የሠዓሊውንም እጅ እናደንቃለን። ሥዕሉን የተሸከመውን ሳንቃ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሳንቃው ሲሰነጠቅ የመልአኩ ፊት አብሮ ይሰነጠቃልና፣ አባቶቻችን እንጨትን ከእንጨት ገጥመው ሰፊ የሥዕል ገጽ ያበጁበትን ጥበብ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ መጻፍ ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ትንሽ ሥዕል ብዙ መጋጠሚያ አያሻውም። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ጀምሮ የእመቤታችን ሥዕል በገበታ ላይ መሣሉ እጅግ ሲስፋፋ፣ ጠራቢው ገበታውንና ክፈፉን ከአንድ የዋንዛ ወይም የወይራ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣ ነበር። ነጭ ልስን ከተቀባ በኋላ ሠዓሊው ቀለሙን ያሳርፍበታል። ተካፋቹን ክንፍ ከመካከለኛው ገበታ ጋር ያገናኘው በቀዳዳ የገባ ገመድ ነበር፤ ገመዱም ያያይዛል እንጂ እንጨቱን አያንቀውም።

ሰፊ ሥዕል በተፈለገ ጊዜ ግን የግንዱ ወርድ አይበቃምና መጋጠም ግድ ሆነ። በ12ኛው መቶ ዓመት ግድም በላስታ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጣራ፣ ትናንሽ ባለ ቀለም ገበታዎች በክፈፍ በክፈፍ ተደርድረውበት ይታያል። በጣና ዙሪያ፣ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ደብሮች፣ በመቅደሱ ረጃጅም መዝጊያዎች ላይ መላእክት ዘብ ቆመው ተሥለዋል። በጎንደርም አድያም ሰገድ ኢያሱ ባቋቋሙት በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጣራው በወራጅ ተከፋፍሎ የመላእክቱ ፊት በየረድፉ ተሰድሯል። ይህ ደብር በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ከተረፉት አንዱ ነው።

በክፈፍና በወራጅ መከፋፈሉ ለውበት ብቻ እንዳይመስለን። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥበት ይጠጣል፤ ይተፋልም። ጥሬው እስኪደርቅ ድረስ በቁመቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይጎድልም፤ በወርዱ ግን ብዙው ዓይነት ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ይኮማተራል። ከደረቀም በኋላ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ስለዚህ ሰፊውን ገጽ በምስማር ቸንክሮ አላላውስ ያለ ሰው፣ እንጨቱ ራሱ መንገዱን ፈልጎ ይሰነጠቅበታል። በክፈፍ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ገበታ ግን በየወቅቱ ይላወሳል፤ ሥዕሉንም አያፈርስም።

ይህ ነገር ለእኛ ለወገራ ሰዎች በተለይ ይጠቅማል። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በደጋ የተቀመጠች ናትና፣ የክረምቱን ዝናብና የበጋውን ፀሐይ በደጅ የቆመ ሳንቃ ሁሉ ያየዋል። በበዓሉ ምክንያት በደጀ ሰላም ፊት ትልቅ ባለ ሥዕል ሰሌዳ ለማቆም የሚያስብ ቢኖር፣ ጥሬ ባሕር ዛፍ ሰንጥቆ ወዲያው አይግጠም፤ ይጣመምበታልና። የደረቀ ሳንቃ ይምረጥ፤ የአንዱን ጠርዝ ምላስ፣ የሌላውን ጎድጎድ አድርጎ ያጋጥም፤ ምላሱንም በሙጫ አይዝጋው። በስተ ኋላ አግዳሚ ሲያስር እያንዳንዱን ሳንቃ በመካከሉ ብቻ ያጥብቅ፤ ጠርዞቹ ነጻ ይሁኑ። ቀለሙንም በፊትና በጀርባ፣ ይልቁንም ውኃ ፈጥኖ በሚገባበት በተቆረጠው ጫፍ ይቀባ፤ ከላይም ትንሽ ክዳን ያድርግ።

አንድ አሳብ ብቻ ልጨምር። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ አሮጌ መዝጊያና የጣራ ሳንቃ ይነቀላል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቀርሻ ስለ ሸፈነው ብቻ ለማገዶ ይቆጠራል። በጥቀርሻው ሥር ሥዕል ሊኖር ይችላል፤ ሥዕል ባይኖር እንኳ የጠራቢው መጥረቢያና የመጋጠሚያው ብልኀት በላዩ ተጽፏል። ስለዚህ ካህናቱና የሰበካው ሽማግሌዎች ሳንቃው ከመነቀሉ በፊት እንዲመረምሩት፣ ከተነቀለም ከዝናብና ከምስጥ በራቀ ቦታ በዕቃ ቤት እንዲያኖሩት በትሕትና እለምናለሁ። በሚመጣው ኢዮቤልዩ ልጆቻችን የአባቶችን እጅ ሥራ በዓይናቸው አይተው እንዲማሩ እግዚአብሔር ያድርስልን።