ከወለቃ እስከ ሊማሊሞ፦ መንገዱን ማን ሠራው?



ውድ አድማጮቻችን! ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስታቀኑ ገና ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ወለቃን ታገኛላችሁ። «ይህን መንገድ ማን ሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው «ጣሊያን ነዋ!» ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው።

መንገዱ ከጣሊያን በፊት ነበር። በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ አዲስ ዓለም ሰፈራቸው ሆነች። ርስት የተነፈጉት አባቶቻችን ንግድን ያዙ። በቅሎና አህያ ጭነው በወገራ አልፈው፣ የሊማሊሞን ገደል ወርደው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ በአድዋ በኩል ምፅዋ ይደርሱ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወስደው ጨርቃ ጨርቅ ይዘው ይመለሳሉ። ሐቁን እንናገር ካልን፣ የሰው ልጅም በባርነት ተነድቶበታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምፅዋ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ለጦሩ ሲል ገደሉን አስፈልፍሎ ጥምዝምዙን የመኪና መንገድ አወጣ። መንገዱ ግን አላዳነውም። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ደባርቅ አቅራቢያ የመሸገው ጦሩ፣ ኅዳር 18 ቀን ደግሞ ጎንደር ላይ የቀረው እጁን ሰጠ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የሕዝብ ሆነ። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ሸክላቸውን ለመንገደኛ ሸጡበት፤ እነሱ እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የሸክላው ስም ለወለቃ ቀረ። በ2000ዎቹም እስከ ደባርቅ አስፋልት ለበሰ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳና የጎንደርና የሽሬ መንገድ ተቋረጠ። ነጋዴው ቀረ፤ ዘመድ ከዘመድ ተለያየ፤ ከተከዜ ማዶ ሕዝብ ተራበ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫኑ መኪኖች በጎንደር በኩል ማይ ፀብሪ ገቡ። አባቶቻችን ጭነት በወሰዱበት አቅጣጫ፣ ጣሊያን ለጦር በጠረበው ገደል፣ እህል አለፈ። አልሐምዱሊላህ!

እንግዲህ መንገዱን የሠራው አንድ እጅ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። ድንጋይ ማንሳት ይህን ያህል ከከበደ፣ የተዘጋ መንገድ ማስከፈትማ ምን ያህል ይሆን? ልጆቻችሁን ይዛችሁ በወለቃ ስታልፉ ይህን ንገሯቸው።

ወላሁ አዕለም።