ቀፎ መምረጥ

ቀፎ የንብ ቤት ነው። ንብ እስኪገባበት ድረስ ከሸንበቆ ተሠርቶ በእበት የተመረገ ባዶ ዕቃ ከመሆን አያልፍም። አማርኛችን ይህንኑ ስም ለስልክ መሣሪያ ማዋሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ከብዙ የሊቃውንት ትርጉም ይልቅ የገበያው ቃል ነገሩን አጥርቶ ያሳያልና። ሁለት ስልክ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ «ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» የሚል ሰው የሚጠይቀው ስለ ቀፎው ይመስላል። ልቡ ያለው ግን ከቀፎው ውስጥ ሊሰማው በሚናፍቀው ድምፅ ላይ ነው።

ደሴ ያደግሁ፣ እንጀራዬን ኮምቦልቻ የምበላ ሰው ነኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ብርዳማዋ ደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየወረደ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ስመላለስ የሰዎችን እጅ የመመልከት ልማድ አለኝ፤ ማን ምን ስልክ እንደያዘ፣ ስለ ምንስ ያንን እንደመረጠ። የስልክ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሠሪዎቹ ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ ኖኪያ እንዴት እንደወደቀ፣ አፕልና ሳምሰንግ እንዴት እንደተፎካከሩ። እኔ ግን ዛሬ የገዢዎቹን ጥያቄ ታሪክ ማውሳት እሻለሁ። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው በየዘመኑ ሱቅ ገብቶ የጠየቀው ምን ነበር? አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄዎቹን በተራ ብትከተላቸው ያለፍንበትን ዘመን ከዜና መዋዕል ባልተናነሰ ታነብባቸዋለህ።

በመጀመሪያ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የቴሌኮም አገልግሎቱም ዕድሜውን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ነገር ግን ሽቦ በተራራ ላይ አለፈ ማለት ተራው ሰው ተነጋገረበት ማለት አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም አብረው ስለነበሩ ወሬው ከደሴ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። የከተማው ነዋሪ ግን በዚያች ቀን ወረኢሉ ላለ ዘመዱ «በሕይወት አለሁ» ብሎ ለመላክ ከእግረኛ መልእክተኛ በቀር ምን ነበረው? በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላም ስልክ የመሥሪያ ቤትና የጥቂት ባለጸጎች ዕቃ ሆኖ ዘለቀ። የዚያ ዘመን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «መስመር ይገኛል ወይ?»

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ወደ ክልል ከተሞች የዘለቀው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ብርቁ ሲም ካርዱ ነበር እንጂ ቀፎው አልነበረም። ሲም እየበዛ ሲሄድ ግን ምርጫ መጣ፤ ምርጫውም ከሞላ ጎደል ኖኪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል ይባላል። እኛን የማረከን ግን የሽያጩ ብዛት አይደለም፤ አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ናት። አማርኛ «ባትሪ» ሲል ኃይል የሚጠራቀምበትንም፣ በጨለማ መንገድ የሚያሳየውንም ነው። የዚያ ዘመን ገዢ «ባትሪ አለው?» ሲል ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠይቅ ነበር፤ ስንት ቀን ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ ያበራል? ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌሊት ከፈረቃ ለሚወጣ ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አልነበረውም። ድምፁም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ሚስኮል ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ» ማለት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ደውልልኝ»።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ጥያቄ እኔ ከሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ፤ «አማርኛ ይጽፋል?» የሚለውን። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሞባይል ወደ አገራችን በገባበት በዚያው ዓመት። ሁለቱ በአንድ ዓመት ቢወለዱም እስኪገናኙ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። በመካከሉ አጭር መልእክት ራሱ ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ሲከፈትም በላቲን ፊደል አማርኛ የምንጽፍ ሕዝብ ሆንን። «መጣ»ና «መታ» በላቲን ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ። «ወንድምህ መጣ» የሚለው የምሥራች «ወንድምህ መታ» ተብሎ ቢነበብ ማን ይፈረድበታል? ወጣቱ በዐውዱ እየገመተ አነበበው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀሁን የቆጠሩ እናቶች ግን ያን ያህል ደክመው የተማሩት ፊደል በልጆቻቸው ስልክ ላይ ቦታ አጥቶ አዩት። የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ሲመጡ ደግሞ ብዙዎቹ ፊደላችንን በባዶ ሳጥን ተራ ነበር የሚያሳዩት። ውድና የሚያምር ስልክ፣ የእናቱን ቋንቋ ሲያይ ግን የሚታወር!

ቴክኖ የወሎን ገበያ የያዘው በዚህ ክፍተት ገብቶ ነው ብል አልተሳሳትሁም። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሥርቶ ዓይኑን በአፍሪካ ላይ ጣለ፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ስልኮቹን ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ያዘ። የአማርኛ ፊደል ገበታ ያለው ቀፎ ይዘው ከቀደሙት አንዱ ነው። ባትሪው ብዙ ይቆያል፤ ዋጋው ይቀምሳል። ሁለት ሲምም ይይዛል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ፈገግ ታሰኘኛለች። ባለ ሁለት ሲም ስልክ የተሠራው ሕዝቡ በሁለትና በሦስት የስልክ ድርጅቶች መካከል እያማረጠ ለሚደውልባቸው አገሮች ነበር፤ እኛ ግን የነበረን ድርጅት አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሲም ቤት በብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ እንደ እንግዳ አልጋ ተነጥፎ ማንም ሳይተኛበት ዓመታት አለፉ።

ቀጥሎ «ፊት ያሳያል ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ። የወሎ ልጆች ወደ ዐረብ አገር መሰደዳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ያዳግታል። ዘመናዊ ስልክ ብዙ እናቶች እጅ የገባው ለመዝናኛ ወይም ለሥራ ሳይሆን ለዚህ ነው፤ በኢሞ የልጅን ፊት ለማየት። ሱቅ ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ቆመው «ይኸው ነው እንግዲህ፣ ልጄን የሚያሳየኝ የትኛው ነው?» ሲሉ፣ ሻጩም «አብሽሩ እማማ፣ ሁለቱም ያሳያሉ፤ ግን ይኼኛው ለጨለማ ቤት ይሻላል» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ሻጩ የቀለደ እንዳይመስላችሁ። ቴክኖና ወንድሞቹ የጠቆረ ቆዳን በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ የሚያነሣ ካሜራ በማበጀት የታወቁ ናቸው። ሠሪዎቹ ይህን የንግድ ብልሃት አድርገው ያሰቡት ይሆናል። ለእኒያ እናት ግን ልጃቸው ስትደውል ፊታቸው እንደ ጥላ እንዳይታያት የሚያደርግ ነገር ነው።

ሳምሰንግና አይፎን ደግሞ በብዛት የመጡት በሻንጣ ነው፤ ከስደት የተመለሰች እኅት ለወንድሟ የምታመጣው ስጦታ ሆነው። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የስልኮችን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት ተዘርግቶ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት አዲስ ቀፎ በመረቡ ላይ እንዳይሠራ ሲከለከል ይህ ስጦታ ተነካ። ኮንትሮባንድን መግታትና በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙትን መደገፍ ዓላማው ነበር፤ ዓላማው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን በሰው ቤት እንጨት ፈልጣ፣ ወለል ጠርጋ ያመጣችው ስልክ እንዳልተመዘገበ ሲነገራት የምትሰማውን ሴት ማን ያስረዳታል? ሥርዓቱ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ተነሣ። በዚያ አንድ ዓመት ግን «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ያምራል ወይ?» የሚለውን አስረስቶት ነበር።

ከዚያ ቀፎ ሁሉ እኩል የሆነበት ጊዜ መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። መንግሥት ከተሞቹ መመለሳቸውን ኅዳር 27 ቀን እስካስታወቀ ድረስ ከአንድ ወር በላይ በሌላ ኃይል እጅ ቆዩ፤ የስልክ መስመሩም ዝም አለ። በዚያ ወር የሠላሳ ሺህ ብር ስልክና የአንድ ሺህ ብር ስልክ ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለቱም መብራትና የፎቶግራፍ ሣጥን ሆኑ። በውጭ ያሉ ልጆች ሲደውሉ የሚሰሙት ያንኑ የተቀዳ የሴት ድምፅ ነበር፤ ቆይተው እንዲሞክሩ በትሕትና የምትነግራቸውን። መስመሩ ሲከፈት ከየአቅጣጫው የተላለፈው ቃል የትኛውም ቀፎ ሊሸከመው የሚችል ቀላል ቃል ነው፤ «አላችሁ?» እኔ ስልክ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሳፋሪኮም በአገር አቀፍ ደረጃ አገልግሎት ሲጀምር ሁለተኛው የሲም ቤት በመጨረሻ እንግዳ አገኘ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን *127# ተብሎ በባለ ቁልፍ ስልክም ስለሚሠራ፣ የናቅነው ትንሽ ቀፎ ከኪሳችን ወጥቶ ገንዘብ ላከልን። ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ሁለት ስልክ ይገኛል፤ አንዱ ፊት ለማየት፣ ሌላው ክፉ ቀን ለማለፍ። ይህ ያለማወቅ ሳይሆን ከታሪክ የተቀዳ ጥበብ ነው።

ታዲያ ዛሬ የሚገዛ ሰው ምን ይምረጥ? ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የስልክ ዋጋ ጨምሯልና ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል እያለ ሲያማርጥ የሚውል ሰው ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች፣ ሦስቱም የትራንሽን መሆናቸውን ይወቅ፤ ፉክክሩ በሳምሰንግና በእነርሱ መካከል እንጂ በመካከላቸው ያን ያህል አይደለም። ቀጥሎ፣ ስልኩን ከመግዛቱ በፊት ጠጋኙን ይጠይቅ። ስክሪኑ ቢሰበር ደሴ ውስጥ የሚገኝለት ቀፎ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ከሚጠገን የተሻለ ስልክ ይበልጣል። ያገለገለ አይፎን የሚያማልለው ደግሞ መልኩን ሳይሆን ባትሪውን ይመርምር። ፎርጅድ ከሆነስ? ርካሽነቱ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱን ሻጩም ጠጋኙም አይመልሱትም። በሌላው ጫፍ ያለው ማነው? እናትህ ፊደል የምታነብ ከሆነች ፊደል አጥርቶ የሚጽፍ ምረጥ። ዓይኗ የደከመ ከሆነ ድምፁ ከፍ የሚለውን። ልጅሽ በባሕር ማዶ ከሆነች ፊትሽን የሚያሳያትን ምረጪ። እኛ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መስመር ጠበቅን፤ ከዚያ ሲም፣ ከዚያ ፊደል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ጠበቅን፤ በዝምታውም ወር ድምፅ ጠበቅን። የጠበቅነው ሁልጊዜ ሰው ነበር። ቀፎው በየጊዜው ይለወጣል፤ ማሩ ያው ነው።

ቸር ያሰማን።